ታሞ ያስተማረው

ሳህሉ ሁለት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ይኼኛው ግን ያኛው አይደለም፤ ያኛውን ያውቀዋል፣ ያኛው ሲመጣ እንቅልፍ ራሱ የሰነፍ ሥራ ይመስላል፣ ገላ እንደ ላባ ይቀልላል፣ አንዱ ሐሳብ ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሁሉ ወንድሙ ይሆናል። ይኼኛው ተራ የፍርሃት እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ነገ ችሎት የሚቀርብ ማንኛውም ሰው የሚያጣው ዓይነት፣ እና እንደ ማንኛውም ሰው መፍራት መቻሉ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ የምታክመው ዶቶሬሳ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር፣ እሱን ግን ደስ አላለውም፤ ሮም ውስጥ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍሉ ከነጫማው አልጋው ላይ ተንጋሎ ከታች እየተንገጫገጨ የሚያልፈውን ትራም ያዳምጣል፣ ሐሙስ ነው፣ ረፋድ ነው፣ ግንቦት ሰባ ሰባት ነው፣ የአዲስ አበባው ግንቦት ሰባ ሰባት፣ የጣልያኑን ቁጥር እስካሁን አልለመደውም። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ተቀጥሮ ወደሚሠራበት የመነኮሳት ትምህርት ቤት ሄዷል፣ አራት ክፍል ጠርጓል፣ አራት ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሏል፤ ቢዴሎ ነው፣ እዚህ አገር የትምህርት ቤት ጽዳትና ዘበኛ ቢዴሎ ይባላል፣ ዘጠኝ ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፈ ሰው አሁን ሌላው የጻፈውን ያጠፋል። ከጨረሰ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰና ተጋደመ፣ እንደተጋደመ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስኪሆን የሚያደርገው የለም፣ ወይም አንድ አለ፣ እሱን ደግሞ እያሰበ ይሸሸዋል።

በአሥር ሰዓት እሱም አስተማሪ ይሆናል። ሐሙስ ከሰዓት የሮም የቤት ሠራተኞች የዕረፍት ሰዓት ነው፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፤ አሥራ አራት የአገሩ ሴቶች ከየሴትዮዎቻቸው ቤት ወጥተው፣ ጫማቸውን ለውጠው፣ አንድ ደብር ምድር ቤት ውስጥ ባሉ የልጆች ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፣ እሱም ጣልያንኛና ሒሳብ ያስተምራቸዋል፣ ቴርሳ ሜዲያ ለሚባለው ፈተና፣ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ማለት ነው፣ እሱን የያዘች ሴት ከሰው ማድ ቤት የመውጣት ተስፋ አላት። ክፍሉን ያቋቋሙት ሲስተር ማርያ ናቸው፣ ከዓዲግራት የመጡ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል መነኩሲት፤ ባለፈው እሑድ ሴቶቹ ከወጡ በኋላ በሩን ዘግተው ከፊቱ ቆሙ።

«ሳህሉ፣ አላባርርህም» አሉት። «ግን ሳያውቁ ከፊትህ አይቀመጡም። ሐሙስ ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብዬ፣ ሲስተር?»

«ያለብህን።»

«ያለብኝ በአማርኛ ስም የለውም።»

«እንግዲያው ያለ ስሙ ንገራቸው» አሉና መብራቱን አጠፉ።

እውነቱን ነው፣ ስም የለውም። ዶቶሬሳዋ ሁለት ቃል ገጥማ ማኒያኮ ዴፕሬሲቫ ትለዋለች፣ በጣልያንኛ ሲባል የዘፋኝ ስም ይመስላል። አገር ቤት እናቱ ነፍሳቸውን ይማርና ሰው ዓይን ነው ይሉ ነበር፣ ጎረቤት ዛር ነው ይል ነበር፣ መምህራኑ ብዙ ማንበብ አዞረው አሉ፣ እሱ ለራሱ መውጣትና መውረድ ይለዋል። ሲወጣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ወር፣ የማይችለው ነገር የለም፤ ሲወርድ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ውሃ እንኳ አምጡልኝ ማለት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ሊትዮ ይባላል፣ ጨው ነው አለችው ዶቶሬሳዋ፣ ከድንጋይ የሚወጣ ጨው፤ በየወሩ ደሙን ትቀዳለች፣ ጨው ሲበዛ ይመርዛል ሲያንስ አያግዝም። ጨው ነው እንግዲህ ሳህሉን ሳህሉ የሚያደርገው። ጥማት አለው፣ አፍ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም አለው፣ ከሁሉም የከፋው እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እና ባለፈው ጥር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ፊደሉ ትል መስሎ ሲወጣ ውባንቺ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ለአንድ የጣልያን ቤተሰብ ወጥ የምትሠራው፣ አዝና «ጋሼ፣ በርዶዎታል እንዴ?» አለችው። ተንኮል አልነበረባትም። ከክፍል ወጥቶ ያን ዕለት ክኒኑን አልዋጠም፣ በማግስቱም አልዋጠም።

ከዚያ ወጣ። የካቲት ላይ እጁ ቀጥ አለ፣ ፊደሉ እንደ ማተሚያ ሆነ፣ እና እዚህ ላይ ነው የሚያቃጥለው፣ እዚህ ላይ ነው ሁለት ሌሊት የሚያገላብጠው፣ እንደዚያ ያለ አስተማሪ ሮም አይታ አታውቅም። ክፍልፋይ ገብቷቸው የማያውቁትን ሴቶች «የሴትዮሽ ቤት ስንት ክፍል አለው?» ይላል፣ አልጋነሽ «ዘጠኝ» ትላለች፣ «አንቺ የምትተኚው በስንቱ?» «በአንዱ»፣ «እንግዲህ አንድ ዘጠነኛ ማለት አንቺ ነሽ» ይላታል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ከዚያ ያሰላሉ፣ ከዚያ አንዷ ማልቀስ ትጀምራለች፣ በዚያች ቅጽበት ግን ክፍልፋይ ገብቷታል፣ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። በሽታ ነው ይሉታል ያንን። አልጋነሽ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከደሴ የመጣች፣ አራት ዓመት አንድ ሴትዮ ቤት አዳሪ ሆና የሠራች፣ ጥያቄ ሳይጨርስ መልሱን የምታውቅ ልጅ ናት፤ አንድ ሐሙስ ከክፍል በኋላ አስቆማትና ከዚያ ቤት ውጪ አላት፣ አንቺ ጭንቅላት አለሽ፣ ይኼ ጭንቅላት ድስት ሲያጥብ ማየት አልችልም፣ ነርስ ትምህርት ቤት አነጋግሬልሻለሁ፣ መስከረም ላይ ትገቢያለሽ፣ አልቋል። አነጋግሮ አልነበረም። ውሸትም አልነበረም። ያነጋገረ መስሎታል፣ የዲሬክተሯን ፊት ሳይቀር ያየ መስሎታል፣ መነጽር ነበራት። አልጋነሽ በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። መጋቢት ላይ ወረደ፣ ሲስተር ማርያ ክፍሉ ድረስ መጥተው በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ሐኪም ወሰዱት፣ ጨዉ እንደገና ተጀመረ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ሰው ሆነ፤ ሰው ሲሆን የመጀመሪያ ሥራው አልጋነሽን መፈለግ ሊሆን ሲገባው መሸሽ ሆነ። በመጨረሻ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰሐን ስታጥብ አገኛት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት። ከዘመዷ ልጅ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ለሁለት ነው የሚተኙት፣ ያውም ማታ ማታ ብቻ፣ ቀን ክፍሉ የሌላ ሰው ነው። አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ትምህርት ቤቱን መቼ ነው የሚያሳዩኝ?»

«አላነጋገርኩም፣ አልጋነሽ። ያነጋገርኩ መስሎኝ ነበር።»

«መስሎዎት?» አለች፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ። «የመኖሪያ ፔርሜሶዬ ላይ ያለው የሴትዮዋ ስም ነው። ሰኔ ላይ ያልቃል። የሌላ አሠሪ ስም ካላመጣሁ አያድሱልኝም።» ከዚያ ሰሐኑን ሳታስቀምጥ፣ «ታዲያ አሁን እንዲህ ዝም የሚሉት ተሽሎዎት ነው?» አለችው። ተሽሎኛል አለ። «እኔ የወደድኩት ያኔ ያሉኝን ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች፣ ቧንቧውን ከፈተችው።

ያን ዕለት ከቪያ ቮልቱርኖ እስከ ፒኜቶ በእግሩ መጣ፣ ሲራመድ የሚያየው ግን ሮምን አይደለም። የሚያየው ሌላ ክፍል ነው፣ ሌላ መጋቢት፣ ስድሳ ዘጠኝ፣ አዲስ አበባ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ፣ ነፋሳት የሚለው ምዕራፍ። ነፋስ ግፊት ከበዛበት ግፊት ወዳነሰበት ይነፍሳል ብሎ ጀመረ፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ይኸው ነው፣ እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት፤ አላቆመም፣ እየወጣ ነበር፣ ሕዝብም እንዲሁ ነው አለ፣ ሲገፉት ይነፍሳል አለ፣ ደወሉ ተደወለ አልሰማም፣ የሚቀጥለው መምህር በሩ ላይ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ያሳየዋል አያየውም፣ ሰው የሚገድል መንግሥት የፈራ መንግሥት ነው፣ የፈራ ደግሞ አይሰነብትም፣ ሃምሳ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል፣ ውጭ መንገድ ላይ በየጠዋቱ አስከሬን በሚገኝበት ዘመን፣ አብዮት ጠባቂ በየደጁ በቆመበት። ጣይቱ ፊት ወንበር ላይ ናት። የጎረቤቱ የእትዬ ቅድሳን ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፣ የሚናገረውን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ዋና ዋናውን በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበታለች፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ ጎበዝ ተማሪ መምህሩ ያለውን ይጽፋል።

ከዐሥር ቀን በኋላ አሰሳው ሰፈራቸው ደረሰ፣ ቤት ለቤት። ደብተሩን አገኙት። ማን ነገረሽ ሲሏት ከራሴ ነው የጻፍኩት አለች፣ ገጹ ራስጌ ላይ ግን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጂኦግራፊ የሚል አለበትና ወደ ጂኦግራፊው መምህር ቤት መጡ። ሳህሉ በዚያን ጊዜ ወርዶ ነበር። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው፣ የሰማውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ያየው የለም፤ ጫማ ሰማ፣ የእህቱን የስንዱን ድምፅ ሰማ፣ ወረቀት ሲዘረጋ ሰማ፣ ስንዱ የሐኪም ወረቀቱን እያሳየቻቸው ነው፣ አለቃቸው ቀስ ብሎ እየቆጠረ ያነብባል። «እብድ ነዋ» አለ ሰውየው። ሌሎቹ ሳቁ። «እብድ ያለውን አንጠይቅም። ጤነኛ ሆኖ እብድ ያለውን የጻፈ ግን ይጠየቃል።» ወጡ። ሳህሉ አልዞረም። ጣይቱ በር ላይ ነበረች፣ መኪናው ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ ዞሮ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት ቢል የሚሰማ ነበር፣ አፍ ነበረው፣ ምላስ ነበረው፣ ዝም አለ። የተናገረው በሽታው ነው ይሉታል፣ ዝም ያለውም በሽታው ነው፤ ታዲያ ሳህሉ የት ነበረ? ስምንት ዓመት ሙሉ ዶቶሬሳዋን ጨምሮ ይህን የነገረው የለም። ጣይቱ ተመልሳ አልመጣችም፣ የት እንደ ጣሏት እናቷ አያውቁም፣ እሱ ግን በአንድ ካቶሊክ አባ አማካይነት ለቋንቋ ትምህርት ተብሎ ፓስፖርት ወጣለት፣ መጣ፣ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስልኩ ነው። በሰፈሩ ስልክ ያለው እትዬ ቅድሳን ቤት ብቻ ነው፣ ባለቤታቸው የቴሌ ሠራተኛ ስለነበሩ፤ ሳህሉ እህቱን ማግኘት ሲፈልግ የሚደውለው የጣይቱ እናት ቤት ነው፣ አምስት ዓመት እንዲህ ነው። ሁልጊዜ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ሳህሉ ነህ ልጄ፣ ደህና ነህ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ቆይ ስንዱን ልጥራልህ ይላሉ፣ ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ይሰማዋል፣ ነጠላ ጫማቸው እየተጎተተ ሲሄድ ይሰማዋል፣ እዚያ ባዶ ሳሎን ውስጥ እሱ ብቻውን እየተነፈሰ ይቆያል። ሆድ ይፍጀው ብሎ አስቀምጦት ነበር። ሆድ አልፈጀውም፣ እሱ ነው ሆዱን የፈጀው። እና ሲስተር ማርያ ንገራቸው ሲሉት ያሰበው ይኼንን ነው፣ መጀመሪያ ሊነገራት የሚገባት ሴት ሮም የለችም። ሁለት ሌሊት ያገላበጠውም እሱ ነው፤ ይህ የመናገር ፍላጎት ራሱ የመውጣት መጀመሪያ ቢሆንስ? እጁን ዘርግቶ አየው። ይንቀጠቀጣል። ደህና ነኝ ማለት ነው አለ፣ ተነሣ።

በዘጠኝ ሰዓት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የስልክ ቢሮ ተሰልፏል፣ ቁጥሩን ሰጥቷል፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው የአገር ስም እየጠራ ሰዉን ወደየካቢናው፣ ወደየስልክ ሣጥኑ ይልካል፣ ካይሮ፣ ማኒላ፣ ቱኒዚ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል «አዲስ አበባ፣ ካቢና ሰባት» አለ።

«ሃሎ? ሳህሉ ነህ?»

«ነኝ፣ እትዬ ቅድሳን። ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆይ፣ ስንዱን ልጥራልህ።»

«አይጥሯት። እርስዎን ነው የፈለግሁት።»

መስመሩ ውስጥ የባሕር ድምፅ የመሰለ ነገር አለ። «እኔን?» አሉ።

«ስለ ጣይቱ ደብተር ነው።»

«ልጄ፣ ስልክ ላይ ነን።»

«አውቃለሁ። አንድ ቃል ናት። የጻፈችው የኔን ነው። ከራሷ አይደለም።»

መስመሩ ተቋረጠ ብሎ አሰበ፣ እንዲቋረጥም ተመኘ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ እንደ ወትሮው፣ አልተለወጠም። «ያን ዕለት ማታ ቆማ አነበበችልኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እማዬ፣ ጋሼ ሳህሉ ዛሬ እንዴት አድርጎ እንዳስተማረን አለችኝ። ዝጊው አልኳት፣ ደብተሩን። አልቀደድኩትም። መቅደድ ነበረብኝ።»

«ስምንት ዓመት ያውቁ ነበር?»

«ስልኩን የማነሣው እኔ አይደለሁም? ዛሬ ይነግረኛል እያልኩ ነው የማነሣው። አምስት ዓመት ብርዱን ነው የምታወራኝ።»

ግንባሩን ካቢናው መስታወት ላይ አስደገፈ።  ይቅር ይበሉኝ የሚለው ቃል አፉ ላይ መጣ፣ ትንሽ ሆኖበት መለሰው።

«አሁን ይህን የምትለኝ ታመህ ነው ድነህ?» አሉት።

«ድኜ ነው። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው።»

«ታመህ ያልከውን ልጄ ጻፈችው» አሉ። «ድነህ ያልከውን እኔ ምን ላድርገው?»

ካቢናው ውጭ ቀጣዩ ሰው ቆሞ ያየዋል። እትዬ ቅድሳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስንዱን ልጥራልህ?»

«ይቅር። ክፍል አለኝ፣ ይጠብቁኛል።»

«አሁንም ታስተምራለህ እንዴ?»

«በሳምንት ሁለቴ። ሴቶች ናቸው።»

«ይጽፋሉ?»

«ይጽፋሉ» አለ።

ስልኩን አስቀመጡት። ስንዱን ለመጥራት እንደሚያስቀምጡት ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ፣ በቀስታ፤ ጠቅ ሲል ተሰማው።

ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ። ሲስተር ማርያ ኋላ በሩ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ሲያዩት ብድግ አሉ፣ ሁልጊዜ ያደርጉታል፣ እንዲተዉት ቢላቸው አይተዉም። አልጋነሽም መጥታለች፣ አልጠበቃትም ነበር፣ ግድግዳው ጥግ ካለው ወንበር ላይ ናት። ቁጭ በሉ አላቸው። ጠመኔ አላነሣም። ያለ ስሙ ነገራቸው፤ አንድ በሽታ አለብኝ፣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ያስወጣኛል፣ ያኔ የምናገረው ሁሉ እውነት ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ያወርደኛል፣ ያኔ ምንም መናገር አልችልም፣ በየካቲት ያያችሁኝ ወጥቼ ነበር፣ አሁን መድኃኒት ላይ ነኝ፣ እጄ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፣ ብርድ አይደለም። ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያነብብ ይመስል ነበር ድምፁ።

ውባንቺ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ቆየች። «ይጋባል?» አለች።

«አይጋባም።»

«ፈተናው ይቀራል?»

«አይቀርም። ሰኔ ውስጥ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች ውባንቺ፣ ለሷ አልቋል። ከጎኗ ያለችው አማተበች። ሌሎቹ ዝም አሉ፣ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ መለየት አልቻለም፣ ድሮ የተማሪ ዝምታ ከነዓይነቱ ይለይ ነበር።

«እኔ ልጠይቅ» አለች አልጋነሽ፣ ቆማ። «ነርስ ትምህርት ቤት አነጋግሬልሻለሁ ያሉኝ በሽታው ነው?»

«በሽታው ነው።»

«ጭንቅላት አለሽ ያሉኝስ?»

«እሱ እኔ ነኝ።»

«በአንድ ቀን ነው የነገሩኝ፣ ጋሼ፣ በአንድ ትንፋሽ። የትኛው የቱ እንደሆነ በምን አወቁ?»

ሲስተር ማርያ ቀና ብለው አዩት። ሁሉም አዩት። በየካቲት ቢሆን መልስ ነበረው፣ በየካቲት ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው፣ ውብ መልስ። ፈለገ፣ ጨዉ ውስጥ ገብቶ ፈለገ።

«አላውቅም» አለ።

«እኔም አላወቅሁም» አለች። «ሁለቱንም አምኜ ነው ከሴትዮዋ ቤት የወጣሁት።»

ይህን ብላ ትወጣለች ብሎ ጠበቃት፣ ሴቶቹም ጠበቋት። አልወጣችም፤ እስኪመሽ ድረስ የምትሄድበት ቤት አልነበራትም።